ቴአትሮ ኮሎን፦ ቀን የሚታየውና ማታ የሚሰማው

የቆዩ ቴአትር ቤቶች ሲታደሱ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ የሚፈሰው ለዓይን ነው። ወርቁ ይቀባል፣ ከፋዩ ይቀየራል፣ መብራቱ ይደምቃል፤ መጋረጃው ተከፍቶ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ግን ድምፁ የድሮው አይሆንም። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ መሀል ያለው የኦፔራ ቤት ቴአትሮ ኮሎን ከዚህ ካመለጡት አንዱ ነው። ስለዚህ ፍርዳችንን ከወዲሁ እናስቀምጠው፦ የቀኑ ጉብኝት ጥሩ ነው፣ የተከፈለበትንም ያህል ይሰጣል፤ ጉብኝቱን ብቻ አድርጎ የሚመለስ ሰው ግን ቤቱን አይቶ ባለቤቱን ሳያገኝ እንደሄደ እንግዳ ነው። በእድሳቱ ከሁሉ በላይ የተደከመበት ነገር ድምፁ ነውና፣ ከላይኛው ፎቅ ርካሹ ቢሆን እንኳ የማታ ትኬት ሳትይዙ አትውጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ባጭሩ ማወቁ ሕንፃውን ለማንበብ ይረዳል። የዛሬው ኮሎን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በ1857 ተከፍቶ በ1888 የተዘጋ ሲሆን፣ የቆመውም በፕላሳ ዴ ማዮ አደባባይ፣ አሁን የአርጀንቲና ብሔራዊ ባንክ ባለበት ቦታ ላይ ነበር። የአዲሱ የመሠረት ድንጋይ በ1890 ተጣለ። ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበት 400ኛ ዓመት በሚከበርበት በ1892 ይጠናቀቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ የፈጀው ግን ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ዲዛይኑን የጀመረው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ታምቡሪኒ ሥራው ገና ሳይጠነክር ሞተ። የተካው ያገሩ ልጅ ቪቶሪዮ ሜአኖ በ1904 በገዛ ቤቱ ተገደለ። ሕንፃውን ለፍጻሜ ያበቃው ቤልጅየማዊው ዡል ዶርማል ነው፤ በጌጡ ላይ የሚታየውን የፈረንሳይ መልክ ያመጣውም እሱ ነው። ሜይ 25 ቀን 1908 በቬርዲ «አይዳ» ተከፈተ።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና በሩ ላይ ነው። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ኦቤሊስኩን (መሀል ከተማ የቆመውን ረጅም ሐውልት) አይቶ በሰፊው የኑዌቬ ዴ ሁሊዮ ጎዳና በኩል ይመጣና ሴሪቶ ጎዳና ላይ የሚያገኘውን ግዙፍ ግድግዳ የሕንፃው ፊት ይመስለዋል። ያ ጀርባው ነው፤ ከመድረኩ በስተኋላ ያለው ክፍል ማለት ነው። ዋናው ፊት በተቃራኒው አቅጣጫ በሊቤርታድ ጎዳና በኩል ፕላሳ ላቫዬ የተባለውን አደባባይ ያያል። የጉብኝቱ መግቢያ ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፤ በጎን በኩል ቱኩማን ጎዳና ቁጥር 1171 ላይ ነው። ድሮ ሠረገሎች ከዝናብ ተጠልለው እንግዳ ያወርዱበት የነበረው፣ ከቱኩማን ወደ ቪያሞንቴ ጎዳና ሕንፃውን ሰንጥቆ የሚያልፈው መተላለፊያ ማለት ነው። ትኬት መሸጫውም እዚያው ነው። በምድር ባቡር የሚመጣ ሰው በዲ መስመር ትሪቡናሌስ ጣቢያ ቢወርድ ወደ ፕላሳ ላቫዬ ይወጣል፤ ሕንፃውንም ከትክክለኛው ፊቱ ያገኘዋል። ኦቤሊስኩ ሥር ባሉት ጣቢያዎች መውረድም ይቻላል፤ ትንሽ በእግር መሄድ ግን አለ።

ጉብኝቱ የሚደረገው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ በራስ መንገድ መዞር አይቻልም። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በስፓኒሽ የሚመራው ቶሎ ቶሎ ስለሚነሳ ብዙ አያስጠብቅም። በእንግሊዝኛ የሚመራው ግን በቀን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድሞ ማየት ይሻላል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ቶሎ ይሞላል። ዋጋው ለአገሩ ነዋሪና ለውጭ ጎብኚ የተለያየ ነው። ፔሶው በየጊዜው ስለሚዋዥቅ የትኬቱ ዋጋም በተደጋጋሚ ይከለሳል፤ ስለዚህ ካለፈው ዓመት የተጻፈ ዋጋ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። የቤቱን ድረ ገጽ በዚያው ሳምንት ተመልከቱ።

ቀኑን ስትመርጡ ከዋጋው ይልቅ የምታስቡበት ነገር ልምምድ ነው። ኮሎን የራሱ ቋሚ ኦርኬስትራ፣ ኮረስና የባሌ ቡድን ያለው ቤት ነው፤ ሦስቱም በ1925 የተቋቋሙ ናቸው። ከእነሱ ሌላ የቦነስ አይረስ ፊልሃርሞኒክም እዚሁ ይጫወታል። ስለዚህ በሥራ ቀናት መድረኩ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልምምድ ወይም የመብራት ሥራ ሲኖር ዋናው አዳራሽ ይጨልማል፤ ቡድኑ በዝምታ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊገባ ይችላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ላይገባ ይችላል። ትኬት ስትገዙ «ዛሬ አዳራሹ መብራት አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉልላቱንና ወርቁን ማየት የፈለገ ሰው ይህን ጥያቄ ባለመጠየቁ ሊቆጭ ይችላል። በሌላ በኩል ሙዚቃ የሚወድ ሰው የጨለመውን አዳራሽ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ኦርኬስትራ ሲለማመድ ለአምስት ደቂቃ መስማት ከአስጎብኚው ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ከዋናው መግቢያ አዳራሽ ነው። ደረጃው የካራራ እብነ በረድ ነው፤ በግራና በቀኝ የአንበሳ ራስ ተቀርጾበታል። ከላይ 25 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለቀለም መስታወት ያለው ጉልላት አለ፤ መስታወቱ ከፓሪሱ የጎዳን መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። እዚህ ላይ ዓይን የሚታለልበትን ነገር ልብ በሉ። ሁሉም ድንጋይ ይመስላል፤ ሁሉም ግን ድንጋይ አይደለም። የትልልቆቹ አምዶች እግር እውነተኛ የቬሮና ቀይ እብነ በረድ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን እብነ በረድ እንዲመስል በእጅ የተሠራ ልስን ነው። የውጩ ግድግዳም እንዲሁ ድንጋይ እንዲመስል የተሠራ ልስን ነው። ይህ በዘመኑ የተለመደ የከፍተኛ ባለሙያ ሥራ ነበር፤ እንደ ማጭበርበር አይቆጠርም። ለአዳሽ ግን ትልቅ ራስ ምታት ነው። እውነተኛ እብነ በረድ ቢቆሽሽ ይታጠባል፣ ይወለወላል። ልስኑ ውስጥ ግን ቀለሙ ከጄሶና ከሙጫ ጋር የተደባለቀ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ይላቀቃል፤ በጠንካራ ማጽጃ ቢታሽ ደግሞ የድንጋዩን ሥር የሚመስለው መስመር ይጠፋል። ስለዚህ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ቆርጦ፣ የድሮውን ቅንብር አጥንቶ፣ ቀለሙን ከጎኑ ካለው ጋር አስማምቶ እንደገና መለሰን ያስፈልጋል። አንዱን አምድ በቅርብ ካያችሁ የተጠገነውንና ያልተጠገነውን መለየት ይከብዳችኋል። ጥሩ እድሳት ማለት ይኸው ነው። በእጅ መንካት ግን ክልክል ነው፤ የእጅ ቅባት ለልስን ጠላት ነውና።

ከደረጃው በላይ የሙዚቃ ደራሲዎች ሐውልት የተደረደረበት መተላለፊያ አለ፦ ቤትሆቨን፣ ሞዛርት፣ ቬርዲ፣ ቫግነር፣ ሮሲኒ፣ ቤሊኒ፣ ቢዜ፣ ጉኖ። በፍጥነት የሚታለፍ ነው። ቀጥሎ ያለው ወርቃማው አዳራሽ ጎብኚው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳበት ክፍል ነው። አምዱም ጣሪያውም በወርቅ የተለበጠ፣ መስታወትና የጣሪያ ፋኖስ የበዛበት ነው። ይዘገንናል ብንል ማጋነን አይደለም፤ ፈረንሳይን የመምሰል ምኞቱ ገንፍሎበታል። አስጎብኚዎች ረጅም ጊዜ የሚያቆዩት እዚህ ነው፤ እኛ ብንሆን ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀንሰን ለዋናው አዳራሽ እንሰጥ ነበር። ክፍሉ ወደ ሕይወት የሚመጣው ትንንሽ ኮንሰርት ሲደረግበት ነው።

ዋናው አዳራሽ የፈረስ ጫማ ቅርጽ አለው። ወርዱ በጠባቡ 29.25፣ በሰፊው 32.65 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 28 ሜትር። መቀመጫው ወደ 2,500 ይጠጋል፤ ቆመው የሚያዩት ሲጨመሩ ወደ 3,000 ሰው ይይዛል። የመጀመሪያው የጉልላት ሥዕል በእርጥበት ተበላሽቶ ስለጠፋ፣ አሁን የሚታየውን በ1966 የሣለው አርጀንቲናዊው ራውል ሶልዲ ነው፤ ስፋቱ 318 ካሬ ሜትር ነው። ከመሀሉ የተንጠለጠለው የነሐስ ፋኖስ ሰባት ሜትር ወርድና 700 ገደማ አምፖል አለው። በፋኖሱ ዙሪያ፣ ከጉልላቱ ውስጥ፣ ሙዚቀኞችና ዘፋኞች የሚቆሙበት የተደበቀ ሰገነት አለ፤ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ በሚያስፈልግበት ትርኢት ድምፁ በእውነትም ከላይ ይወርዳል። አስጎብኚው ካልነገራችሁ ጠይቁት። ወደ ታች ደግሞ በወለሉ መቀመጫዎች ከፍታ፣ ከጎን ግድግዳው ሥር፣ ጥቁር የብረት ፍርግርግ ያላቸው ክፍሎች ታያላችሁ። እነዚያ የሐዘንተኛ መበለቶች ቦታዎች ነበሩ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት በአደባባይ መታየት ነውር በነበረበት ዘመን ከፍርግርጉ ጀርባ ሆና ሳትታይ ታይ ነበር።

መድረኩ ወደ ተመልካቹ ያዘነብላል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ሦስት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ወርዱ 35.25፣ ጥልቀቱ 34.50፣ ቁመቱ 48 ሜትር ነው። መሀሉ ላይ 20.30 ሜትር ወርድ ያለው ተሽከርካሪ ክብ አለ፤ ትዕይንት ሲቀየር ሙሉው ዲኮር ይዞራል። መድረኩ ከአዳራሹ ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑን ስታስቡ ከውጭ በሴሪቶ በኩል ያያችሁት ግዙፍ ግድግዳ ምን እንደሚሸፍን ይገባችኋል፤ ዲኮሩ ሁሉ በገመድ ተስቦ የሚሰቀለው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ድምፁ እንምጣ። የኮሎን አዳራሽ ሰው ሞልቶት ሳለ አንድ ድምፅ ከተቆረጠ በኋላ እስኪጠፋ 1.6 ሰከንድ ገደማ ይቆያል። የሚላኑ ላ ስካላ 1.2፣ የፓሪሱ ጋርኒየ 1.1 ገደማ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም ለጆሮ ሰፊ ነው። በአጭሩ ቆይታ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ኦርኬስትራው ግን ይደርቃል። በረጅሙ ቆይታ የክር መሣሪያው ይለሰልሳል፣ የነሐስ መሣሪያው ይሞላል፤ ከልክ ካለፈ ደግሞ ቃል ከቃል ይጋጫል። ኮሎን ሁለቱንም የሚያስታርቅበት ቦታ ላይ ቆሟል። አሜሪካዊው የድምፅ ምሁር ሊዮ ቤራኔክ ከኦፔራ መሪዎች በሰበሰበው አስተያየት ኮሎን ከዓለም ኦፔራ ቤቶች ቁንጮ ላይ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። አንዱ ምክንያት የአዳራሹ አየር ብዛት ነው። ሌላው ደግሞ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፦ በግድግዳ የተከፋፈሉት ፓልኮ የሚባሉ ትንንሽ እልፍኞች በታችኞቹ ሦስት ፎቆች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ፎቆች ክፍት ሰገነቶች ናቸው። እልፍኝ በመጋረጃና በከፋይ ስለሚሞላ ድምፅ ይውጣል፤ ክፍት ሰገነት ግን ድምፁን መልሶ ወደ አዳራሹ ያሰራጫል።

ለዚህ ነው እድሳቱ አደገኛ የነበረው። ዋናው አዳራሽ በ2006 መጨረሻ ተዘጋ። በ2008 ለመቶኛ ዓመቱ ይከፈታል ቢባልም ሳይደርስ ቀረ፤ የተከፈተው ሜይ 24 ቀን 2010፣ አርጀንቲና ከስፔን አገዛዝ መላቀቅ የጀመረችበትን የሜይ አብዮት ሁለት መቶኛ ዓመት ስታከብር ነው። የእሳት መከላከያው፣ ኤሌክትሪኩ፣ የመድረኩ ማሽን፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሁሉ መቀየር ነበረበት። እያንዳንዱም ለድምፅ ጠንቅ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። እሳት የማይዘው አዲስ ጨርቅ ከድሮው ይልቅ ድምፅ ሊመጥ ወይም ሊያንጸባርቅ ይችላል። የወንበሩ ሙሌት በስፖንጅ ቢተካ ባዶ ወንበርና ሰው ያለበት ወንበር የሚወስዱት ድምፅ ይለያያል፤ ያኔ በባዶ አዳራሽ የተለማመደ ኦርኬስትራ ማታ ሌላ አዳራሽ ያገኛል። ስለዚህ ድሮ የነበረው የፈረስ ጸጉር ሙሌት እንዲቆይ ተደረገ፤ የሚለበጠው ጨርቅም ከመመረጡ በፊት ተፈተነ። አዳራሹ ከመዘጋቱ በፊት፣ በሥራው መሀልና ሥራው ካለቀ በኋላ የድምፅ ምላሹ ተለካ። የአለካኩ መርህ ቀላል ነው፦ ከመድረኩ በድምፅ ማጉያ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የሚወጣ ድምፅ ይለቀቃል፣ በተለያዩ መቀመጫዎች ላይ ማይክሮፎን ይቀመጣል፣ ከዚያ ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ የፈጀው ጊዜ ይሰላል። የድሮው ቁጥር ካልተመዘገበ «እንደ ድሮው ነው» የሚለው ሁሉ ወሬ ነው። ሌሎች ቤቶች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ልኬቱን የሚጀምሩት ወንበሩ ተነቅሎ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ትኬት። የፎቆቹ ስም ከታች ወደ ላይ ፕላቴያ፣ ሦስት ዓይነት ፓልኮ፣ ካሱዌላ፣ ቴርቱሊያ፣ ጋሌሪያ፣ ፓራይሶ ነው። ዋጋው በዚሁ ቅደም ተከተል ይወርዳል፤ የድምፁ ጥራት ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይወርድም።

ፕላቴያ ወለሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ለኦፔራ አይመከሩም፤ ከመድረኩ ፊት ባለው የኦርኬስትራ ጉድጓድ ውስጥ እስከ 120 ሙዚቀኛ ሊቀመጥ ስለሚችል ከፊት ያለ ሰው ከዘፋኙ በፊት ቫዮሊኑን ይሰማል፣ ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ የሚሄደውን የዘፈኑን ትርጉም ለማየትም አንገቱን ይቀጣል። ከመሀል ወደ ኋላ ያሉት ረድፎች የተሻሉ ናቸው። ወለሉ ተዳፋት ቢሆንም ብዙ ስላልሆነ ከፊት ረጅም ሰው ከተቀመጠ መፍትሔ የለውም።

ፓልኮ ላይ ገንዘብ ስታወጡ ጠንቀቅ በሉ። ፎቶ ላይ እጅግ ያምራል። መሀል ላይ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለው ፓልኮ በእውነትም ጥሩ ነው። ወደ ጎን በሄዳችሁ ቁጥር ግን ፈረስ ጫማው ይጠመዘዝና ፊታችሁን ወደ ተቃራኒው ፓልኮ ያዞረዋል፤ ይህ የሆነው በስሕተት ሳይሆን ሰው ሰውን ሊያይ ይመጣ በነበረበት ዘመን ታስቦ ነው። ለመድረኩ በቀረበው ጎን ከፊት የተቀመጠ ሰው ግማሹን መድረክ ያያል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ያሉትን ትከሻዎች ያያል። የኋላውን ወንበር ላይኛው ወለል ስለሚጋርደው ድምፁም ይደበዝዛል። ትኬቱን ስትመርጡ የፓልኮውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ወንበሩ የፊት ይሁን የኋላ አረጋግጡ። የፊት ካልተገኘ በዚያው ገንዘብ ካሱዌላ ወይም ቴርቱሊያ መሀል ላይ መቀመጥ ይሻላል።

ካሱዌላ ድሮ የሴቶች ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ በእኛ ግምት የቤቱ ምርጥ ድርድርም እዚህና ቴርቱሊያ ላይ ነው። ከመሀል የመጀመሪያ ረድፍ ከተገኘ መድረኩ ሙሉ ይታያል፣ ትርጉሙ በዓይን ከፍታ ይመጣል፣ ዘፋኙና ኦርኬስትራው ተመጣጥነው ይደርሳሉ። ሁለት ችግር አለ። አንዱ የፊት ረድፍ መከለያ ብረት ነው፤ አጭር ሰው ከተደገፈ ብረቱ ዓይኑ ላይ ይመጣል። ሌላው የጉልበት ቦታ ጥበት ነው፤ ረጅም ሰው በመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ቢመርጥ ሦስት ሰዓት ተኩል በደህና ያልፋል።

ፓራይሶ ከሁሉም በላይ፣ ከጉልላቱ ሥር ነው። ርካሹ እሱ ነው፤ የቆመ ቦታም አለው። መድረኩ ሩቅ ነው፣ የዘፋኙ ፊት አይለይም፣ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ በሞላ ምሽት ይወብቃል። ድምፁ ግን ጉድ ነው። ጉልላቱ ቅርብ ስለሆነ ሁሉ ነገር ተጠቃሎ እዚያ ይደርሳል፤ ለስለስ ያለ የሶፕራኖ ድምፅ ሳይሰበር ይወጣል። ዕድሜ ልካቸውን ኦፔራ የሚከታተሉ የከተማው ሰዎች የሚቆሙት እዚያ ነው፤ የሚያጨበጭቡትም የሚያጉረመርሙትም እነሱ ናቸው። የቆመ ትኬት የገዛ ሰው ቀድሞ ደርሶ የሚደገፍበት ብረት ይያዝ፤ ዘግይቶ የመጣ ከኋላ ቆሞ በሰው ራስ መሀል ያያል። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ባይኖኩላር ካላችሁ ያዙ።

የላይኛዎቹ ፎቆች የራሳቸው በርና ደረጃ አላቸው፤ በዋናው የሊቤርታድ በር አይገባም። ይህ የመደብ ልዩነት የሕንፃው አካል ሆኖ የቀረ ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን የበር ስም ሳያዩ በዋናው በር ተሰልፎ ከዚያ ሕንፃውን ዞሮ መሮጥ የተለመደ ነው። ደረጃው ብዙ ነው፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ትኬት ሲገዛ በአሳንሰር የሚደረስበትን ቦታ ጠይቆ ይግዛ። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበቃል። ዘግይቶ የመጣ ሰው እስከ እረፍት ድረስ ውጭ ሊቆይ ይችላል።

የዓመቱ ፕሮግራም ከማርች እስከ ዲሴምበር ነው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ እዚያ በጋ ስለሆነ ትርኢት የለም ማለት ይቻላል፤ በነዚህ ወራት የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ጉብኝቱን ብቻ ነው። ለአንድ ኦፔራ የተለያዩ የደንበኝነት ምሽቶች አሉ። ግራን አቦኖ የሚባለው በጣም የሚለበስበት ምሽት ነው፤ ሱፍና ክራባት የሌለው ሰው በፕላቴያ መሀል ራሱን እንግዳ ሆኖ ያገኘዋል። በሌሎቹ ምሽቶችና በእሑድ የቀን ትርኢት ንጹሕ ልብስ ይበቃል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ማንም ዞሮ አያይም። አንዳንዴ በተጨማሪ ምሽቶች የዘፋኞቹ ቡድን የተለየ ይሆናል። ለአንድ ዘፋኝ ብሎ የሚሄድ ሰው ቀኑን ከስሙ ጋር ያመሳክር። ትርጉሙ በስፓኒሽ ነው፤ ስፓኒሽ የማያነብ ሰው የኦፔራውን ታሪክ ትዕይንት በትዕይንት አንብቦ ካልገባ ሁለተኛው ገቢር ላይ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

ጉብኝቱ የማያሳየውን አንድ ነገር ልናነሳ ግድ ነው። ኮሎን ልብሱን፣ ጫማውን፣ ዊጉንና ዲኮሩን በራሱ ባለሙያዎች የሚሠራ ቤት ነው፤ ወርክሾፖቹ ከሕንፃው ሥር እስከ ጎረቤት አደባባይ ሥር ድረስ ተዘርግተዋል። አዲሱና አሮጌው አንድ ላይ ሲቆጠር ሕንፃው 58,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎብኚው የሚያየው ከዚያ ጥቂቱን ነው። መደበኛው ጉብኝት ከላይ ያለውን ጌጥ ብቻ ያሳያል፤ የባለሙያዎቹን እጅ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ካፖርት፣ ጫማና የራስ ልብስ በእይታ ቀርቦ ካገኛችሁ ቆም በሉበት። ከሩቅ ወርቅ የሚመስለው ጥልፍ በቅርብ ሲታይ ቀለም የተቀባ ገመድ ሆኖ ይገኛል።

የት ልቀመጥ ለሚል ሰው፦ ለኦፔራ ካሱዌላ ወይም ቴርቱሊያ መሀል። ለሲምፎኒ ኮንሰርት ኦርኬስትራው ከጉድጓዱ ወጥቶ መድረኩ ላይ ስለሚቀመጥ ፕላቴያም ይሠራል፤ ትርጉም የሚነበብበት ነገር ስለሌለ ከጎን ያለ ርካሽ ፓልኮ የፊት ወንበርም አይከፋም። ለባሌ ግን ወደ ላይ ውጡ። ከወለል ሲታይ የመጀመሪያው መስመር ዳንሰኞች የኋላዎቹን ይሸፍናሉ፤ ከጋሌሪያ ፊት ረድፍ ሲታይ ግን ዳንሰኞቹ አንድ ላይ የሚሠሩት ቅርጽ ወለሉ ላይ እንደተሳለ ይታያል፣ መድረኩ ወደ ፊት ማዘንበሉም እዚህ ላይ ይጠቅማል። የጋሌሪያ የፊት ረድፍ ለባሌ ቶሎ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሽያጩ በተከፈተበት ቀን ግዙ።